የጌም ቤቱ አውጫጭኝ

«ዕቃ የጠፋበት እናቱን ይጠረጥራል» ይላል የአገራችን ሰው። ዓባይነህ እናቱን ጭልጋ ላይ ከቀበረ ዘመን ስላለፈ፣ በዚያ የኅዳር ዓርብ ጠዋት ጥርጣሬው የሚያርፍበት ሌላ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ለማግኘትም ብዙ አልደከመም። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ሐበሾች በሚበዙበት ሰፈር ያለውን የጌም ቤቱን በር ከፍቶ፣ አቧራው እንዲተኛ ወለሉን ውኃ አርከፍክፎ፣ መካከለኛውን ስክሪን ሲያበራ፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ ከተለመደው ቦታው ላይ አልነበረም። በቦታው ማንም ነክቶት የማያውቅ የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ ተቀምጧል። የግራውን ስክሪን አበራ፤ የቀኙንም አበራ። በሁሉም ላይ ያው ዓሣ አጥማጅ ባርኔጣውን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ከዚያም ከንቱ ድካም መሆኑን ራሱ እያወቀ፣ ቁልፉን ከአንገቱ ላይ አውጥቶ በጠረጴዛው ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ከፈተ። ሳጥኑ ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነም ከርሟል።

ቤቱ ረጅምና ጠባብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የተቀባ ነው። ከመደርደሪያው በላይ ቀለሙ ያልደበዘዘባቸው አራት ማዕዘን ምልክቶች ይታያሉ፤ የድሮዎቹ ማሽኖች ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ነው። ያኔ ጨዋታው ሁሉ ሲዲ ነበር፤ ሲዲውም የሚያድረው በዚህ የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ዓባይነህ ማታ ማታ በእጁ እየዳሰሰ ቆልፎበት ይተኛል። ማሽኖቹንም ሲዲዎቹንም ሽጦ ወደ አዲሱ አሠራር እንዲገባ የመከረው የልጁ የሰሎሜ ባል ሃፍቱ ነው። በአዲሱ አሠራር ጨዋታው ቤት ውስጥ የለም፤ ስሙን እንጂ አድራሻውን የማያውቁት ኩባንያ ዘንድ፣ በሩቅ አገር ይኖራል፤ ወር በመጣ ቁጥር ክፍያ ይከፈላል፤ ሥዕሉ በጣሪያው ላይ በቆመው የሳተላይት ዲሽ በኩል ይመጣል። ሲዲ አይጫርም፣ ማሽን በሙቀት አይቃጠልም፣ በአንድ ክፍያ የጨዋታ ዓይነት እንደ ልብ ነው ተባለ፤ የተባለውም ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ያልተባለው ቀስ በቀስ መጣ። ኩባንያው ሱዳንን ከሚያገለግላቸው አገሮች ስላልቆጠራት፣ አካውንቱ ጅዳ በሚኖር የአክስቱ ልጅ ስም መከፈት ነበረበት። ከተማው ሁሉ ኢንተርኔት በሚይዝበት ሰዓት፣ አውራ ጣት ጆይስቲኩን ተጭኖ ኳሷ እስክትመታ ድረስ አንድ ትንፋሽ ያህል ይዘገያል፤ የተሸነፈ ሁሉ «ቤቱ የእኔን እጅ ያዘገያል» ማለት ጀመረ። አንዳንዴም ተጫዋቹ ጎል ፊት ቆሞ ሳለ ሥዕሉ እንደ ተሰበረ ገል ይበታተንና፣ ተራህን ጠብቅ የሚል ጽሑፍ ይተካል። ክፍያው ራሱ ሲጨምር «ጨምሬአለሁ» ይላል እንጂ «ልጨምር ወይ» ብሎ አይጠይቅም። ዓባይነህ ይህን ሁሉ ቻለው። ሊቆለፍበት የማይቻል ንብረት መያዝን ግን ልቡ አልተቀበለውም፤ ስለዚህ ባዶውን ሳጥን ማታ ማታ መቆለፉን አልተወም።

ዛሬ የጠፋው ደግሞ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የሰሊጥ መጋዘን ጫኞች፣ ከካርቱም የተፈናቀሉ ተማሪዎች፣ ሊቢያን እያሰቡ በቀን ሥራ የሚውሉ ወጣቶች በዚያ ጨዋታ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የዋንጫ ውድድር ሲያካሂዱ ከርመዋል። እያንዳንዱ ቡድኑን ከምንም አንሥቶ ገንብቷል፤ ተጫዋች ገዝቷል፣ ሸጧል፣ ለማልያው ቀለም መርጧል፤ ሁሉም በጨዋታው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፍጻሜው ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። በመዋጮ የተገዛው የአሸናፊው በግ ከትናንት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጋር ታስሮ ይጮኻል።

ሃፍቱ ፊቱን ታጥቦ ፎጣውን በትከሻው እንደ ጣለ መጣ። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በሐምዳይት ተሻግሮ ኡም ራኩባ መጠለያ የገባ፣ ቃል የሚቆጥብ የሁመራ ልጅ ነው። ሰሎሜን ካገባ ወዲህ በዚሁ ግቢ በኋለኛው ክፍል ይኖራሉ። ጆይስቲኩን አንሥቶ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ፈለገ፤ ብዙም አልቆየ።

«ተነሥቷል» አለ።

«ማን አነሣው?»

«እነሱ።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

ሃፍቱ በአገጩ ወደ ጣሪያው አመለከተ። «ኩባንያው ነው፣ አባቴ። ከሠሪዎቹ ጋር ያላቸው ውል ሲያልቅ ያነሡታል።»

ዓባይነህ የአማቹን ፊት መረመረ። ክረምቱን ሙሉ የተሰበሰበ ነገር ባንድ ሌሊት ሲጠፋ ሰው ይደነግጣል፤ ይህ ልጅ አልደነገጠም። ቤቱን ከነዕቃው ትቶ ወንዝ የተሻገረ ሰው፣ ለጨዋታ የሚተርፍ ድንጋጤ ላይኖረው እንደሚችል አላሰበም። ያሰበው ሌላ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ሰሞኑን፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ሃፍቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ሲነጋገር ሰምቶታል፤ ኡም ራኩባ ውስጥ ስለሚከራይ ቤት፣ ስለ ስክሪን፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ባትሪ። ዓባይነህ ትግርኛ ጠንቅቆ ይሰማል። ልጁ የራሱን ጌም ቤት ለመክፈት እንዳሰበ ያን ጊዜ ተረዳ፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። አዲስ ቤት የሚከፍት ሰው በባዶ እጁ አይጀምርም።

ሚስቱ በለጠች ከአገዳና ከሣር በተሠራው ዳስ ጥላ ሥር፣ ዓንገረብ በሚባለው የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን የመሉኺያ ቅጠል ትቀነጥባለች። ባሏ ቆሞ ነገራት፤ እጇን ሳታቆም ሰማችው።

«ጨዋታ እንዴት ይሰረቃል? በምን ይሸከመዋል?»

«በስልክ ነዋ። ዛሬ የባንክ ገንዘብ በስልክ ይሰረቅ የለም እንዴ?»

«አንተ ሰው፣ በጉ ከነጋ ሣር አልቀረበለትም። እሱን ባቀረብህ።»

«በለጠች፣ የምነግርሽን ስሚኝ።»

ቅጠሉን ከሰፌዱ ላይ አራግፋ ቀና አለች። «ሲዲዎቹን ስትሸጥ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም። አሁን ደግሞ ይህን ስማኝ። ያን ልጅ በሰው ፊት ሌባ ያልኸው እንደ ሆነ፣ ሰሎሜንም አብረህ እንደ ሸኘሃት ቁጠረው።»

ፉሉ በአንድ ሳህን ለአራቱም ቀረበ። ሰሎሜ ዳቦው ዛሬም እንደ ጨመረ፣ ደግሞም እንደ ቀጠነ ተናገረች፤ እናቷ የዘይቱን አነሣች። ሃፍቱ ስልኩን እንደ ልማዱ በግንባሩ ደፍቶ ከጎኑ አስቀምጦታል። ዓባይነህ ይህን ልማድ እስከ ዛሬ ልብ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬ ግን ከምግቡ ይልቅ እሱን ሲያይ ቆየ። ስልኩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሃፍቱ አላነሣውም። አለማንሣቱም ለዓባይነህ ሌላ ማስረጃ ሆነለት። ቢያነሣውም ያው ይሆን ነበር። ሰሎሜ አንድ ጊዜ አባቷን፣ አንድ ጊዜ ባሏን አየችና፣ የቀረውን ዳቦ ቆርሳ በሁለቱ መካከል አኖረችው። ማንም አልነካውም።

ከሶላት በኋላ ተጫዋቾቹ መጡ። ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለፍጻሜው የደረሰው አቡሽ ነው፤ የሰሊጥ ጆንያ ሲሸከም የሚውል፣ ትከሻው ቢደክም ምላሱ የማይደክም የቋራ ልጅ።

«ጋሼ ዓባይነህ፣ በጉን በቁሙ ነው የሚሰጡኝ ወይስ አርደው?»

ነገሩ ሲነገረው ሳቀ፤ እውነት መሆኑን ሲያይ ደግሞ ተቀመጠ። ተጋጣሚው ከካርቱም የተፈናቀለ፣ ሁሉም በቁመቱ «ረጅሙ» የሚሉት ሱዳናዊ ወጣት ነበር፤ ስክሪኑን አየና ዓረብኛ በተቀላቀለበት የተሰባበረ አማርኛ፣ «ያ አቡሽ፣ ፈራህ፣ ደበቅህ» አለው። አቡሽ «እኔ ኳስ ነው የማቀብል፣ ዕቃ አላቀብልም» ብሎ መለሰ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። አንዱ ሌላውን ማየት ጀመረ። ማን እንዳለው ሳይታወቅ ከበሩ አካባቢ፣ «በጉ ለቤቱ እንዲቀር ነው እንጂ ጨዋታስ የት ይሄዳል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ ቃል ዓባይነህን ወጋው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተጠርጣሪ ሳይሆን ጠርጣሪ ነበር። ወዲያው አያ ስንሻው እንዲጠሩ ላከ።

አያ ስንሻው በደርግ ጊዜ ከአርማጭሆ የመጡ፣ ገዳሪፍ ላይ የሸመገሉ ሰው ናቸው። የጎንደር ሰው ሲጣላም ሲካሰስም የሚጠራቸው እሳቸውን ነው። ዓባይነህ የጠየቃቸው አውጫጭኝ እንዲያስቀምጡለት ነበር። በአገራቸው ከብት ሲጠፋ ወይም ክምር ሲቃጠል ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ቦታ ይቀመጣል፤ አጥፊው ሳይወጣ ማንም አይነሣም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ቀርቦ ያየውንም የጠረጠረውንም ያንሾካሹካል። ሽማግሌውም የተናጋሪውን ስም ሳያወጡ፣ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ለጉባኤው ያሰማሉ። አያ ስንሻው ስለ ጠፋው ዕቃ ምንነት ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሁለት ጊዜ ተነገራቸው፤ ግልጽ ባይሆንላቸውም ከዳሱ ሥር ወንበር ይዘው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ይህ መሕከማ ነው?» ብሎ ረጅሙ አቡሽን ጠየቀው።

«ከፍርድ ቤት ይሻላል። ጠበቃ የለውም።»

ሃፍቱ ከሰዉ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰሎሜ ከክፍላቸው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ግቢ ብትባልም አልገባችም። አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲቀመጥ፣ በጉ በየመካከሉ ሲጮኽ፣ ሹክሹክታው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ዓባይነህም ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የይለፍ ቃሉንና የስልኩን ነገር ተናገረ። በለጠች አልተነሣችም። በመጨረሻ አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወፍ፣ ሃፍቱን ረቡዕ ዕለት ጣሪያ ላይ ከዲሹ ጎን አየሁት አለች።»

«አቧራ ጥረግ ተብዬ ነው» አለ ሃፍቱ። ላኪው ዓባይነህ ራሱ ነበር፤ ጠራጊው ካልወጣ ሥዕሉ እንደማይጠራ አማርሮ የተናገረውም እሱ ነው። ሆኖም ይህን ለጉባኤው አላወጣም።

«ወፍ፣ በስልክ በሹክሹክታ ይነጋገራል አለች። ወፍ፣ የይለፍ ቃሉ በእሱ እጅ ነው አለች።» ሽማግሌው ጉባኤውን ዞር ብለው አዩ። «አንዲቱ ወፍ ያለችውን ግን አላሰማም። ስለ ትውልዱ ነገረችኝ እንጂ ስለ ዕቃው አልነገረችኝም። ያቺ ወፍ ሁለተኛ ጆሮዬ ላይ እንዳታርፍ።»

አንገታቸውን የደፉት ከአንድ በላይ ነበሩ።

በዚህ መካከል የግቢው በር ተበርግዶ ራሒማ ገባች። በአትክልት ገበያው አጠገብ ሌላ ጌም ቤት ያላት፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ሲቸኩል ወደ ዓረብኛ የሚሸሽ ሴት ናት። የእሷንም አካውንት የከፈተላት ሃፍቱ ነው።

«ወይኑ ሃፍቱ? የት ነው ያለው? የእኔም ጠፍቷል ወላሂ። ጠዋት ከፈትሁ፣ ማፊ፣ የለም። አንድ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ ብቻ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ሌላ አእምሮ ይህን ሲሰማ ይቆም ነበር፤ በዚያ ዳስ ሥር ግን ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። «ሁለት ቤት!» አለ አንዱ። የተገኘው ማስረጃ ሁሉ ወደ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ እንደሚወርድ ውኃ ወደ ሃፍቱ ፈሰሰ። ዓባይነህ በልቡ ዕረፍት ተሰማው፤ ልክ መሆኑ ታወቀ። ዓይኑን ከፍ ሲያደርግ ሰሎሜ ታየዋለች። አልቅሳ እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቷን ተመለከተ፤ አላለቀሰችም፤ ባሏን ሳይሆን አባቷን ነበር የምታጠናው።

ሃፍቱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «አባቴ፣ ጅዳ ይደውሉ» አለ። 

አያ ስንሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓባይነህ ለአክስቱ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። ሰውዬው ጅዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ በሽርጥ ተቀምጦ ነበር። የራሱ አካውንት እንዳለውና የራሱ ልጆችም ይህንኑ ጨዋታ እንደሚጫወቱ ተናገረና፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ስልኩን ወደ እሱ አዞረ። ያው ዓሣ አጥማጅ፣ ያው ባርኔጣ፣ ያው ፈገግታ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ በዳሱ ዞረ።

«ሃፍቱ ለካ ሐጅ አድርጎ ነው የመጣው» አለ አቡሽ።

ጉባኤው ሳቀ፤ ራሒማም ሳቀች፤ የሃፍቱም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አያ ስንሻው ግን አልሳቁም። በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

«ባለቤቱ» አለ ሃፍቱ።

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ» አለ ዓባይነህ።

«አይደለም፣ አባቴ። ጨዋታውንም፣ በውስጡ ያስቀመጥነውንም፣ እኛ የምንከፍለው ለማየት ነው። ባለቤቱ ሲፈልግ ያሳያል፤ ሲፈልግ ያነሣል። ጠዋት ነግሬዎት ነበር።»

«ይህ ባለቤት የተባለው የት ይቀመጣል?» ሽማግሌው ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም። ራሒማ፣ «ስልክ አለው፤ ትደውላለህ፣ ማሽን ያወራሃል፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለች። አያ ስንሻው በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያም በዝግታ፣ እንደ ሽንፈት በሚመስል ድምፅ ተናገሩ። «አውጫጭኝ የሚሠራው የወሰደው ሰው ከመካከላችን ሲቀመጥ ነው። ፊቱ ይታያል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሰው በልቶ እንቅልፍ የማይወስደው ጎረቤት ነው። ፊት የሌለውን በምን ዓይን አየዋለሁ? እኔ የተቀመጡትን ነው የምመረምር፤ የተቀመጡትም ንጹሓን ናቸው። ዓባይነህ፣ ተነሥ።»

ዓባይነህ ተነሣ። ደንቡን ያውቃል፤ ያለ ጥፋቱ ስሙ የተጠራ ሰው በተጠራበት ጉባኤ ፊት ይካሳል። ኮፍያውን አውልቆ፣ «በድዬሃለሁ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ሃፍቱ ፈጥኖ ተነሥቶ ጉልበቱን ሳመ፤ «ይቅር ለእግዜር» አለ። በለጠች እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሰሎሜን አየችና ተወችው። በጉ የማን ይሁን በሚለው ላይ ጥቂት ተከራከሩ፤ ፍጻሜ የሌለው ውድድር አሸናፊ ስለሌለው፣ «ዓርብ ጾም ነው» ያለ ባይጠፋም፣ ታርዶ ለሁሉም እንዲሆን ተስማሙ። ራሒማም ቀርታ ሽንኩርት ከተፈች። ሃፍቱ ከሰዉ ጋር በላ፤ አቡሽ በቀለደ ጊዜም ሳቀ።

ፀሐይ ከከተማው የእህል ጎተራ ማማ ጀርባ ስትገባ ዓባይነህ ብቻውን ወደ ጌም ቤቱ ተመለሰ። ስክሪኖቹን ማንም አላጠፋቸውም ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ በሁሉም ላይ ፈገግ ይላል። ማንም እንዳልሰረቀው አሁን ያውቃል፤ አእምሮው አምኗል። ይሁንና ከጠዋት ጀምሮ በደረቱ ውስጥ የተቀመጠው ነገር አልወጣም። ሌባ ቢገኝ ኖሮ ከሌባው ጋር ይወጣ ነበር። የኡም ራኩባው ቤት ነገርም በጉባኤው አልተነሣም፤ እሱ አልጠየቀ፣ ልጁም አልተናገረ። ስልኩን አውጥቶ የይለፍ ቃሉን ለወጠ። ቀጥሎም ጆይስቲኮቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ፤ በእጁ ሲይዛቸው ክብደት ነበራቸው፤ ከብረት ሳጥኑ ውስጥ ደርድሮ ቆለፈባቸው።

ቀና ሲል ሃፍቱ የቻርጅ ገመዶቹን ጠቅልሎ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሟል። ጆይስቲኮቹን ማታ ማታ ቻርጅ ላይ የሚያደርገው እሱ ነበር።

«ቻርጅ ላደርጋቸው ነበር» አለ።

«እኔ አደርጋቸዋለሁ።»

ሃፍቱ ሳጥኑን አየ፤ ቁልፉንም አየ። ገመዶቹን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አኑሮ ወጣ። ከኋለኛው ክፍል የሰሎሜ ድምፅ አንድ ነገር ሲጠይቅ ተሰማ፤ ሃፍቱ አጭር መልስ ሰጠ።

ሃፍቱና ሰሎሜ በተከታዩ ማክሰኞ ዕቃቸውን በፒክአፕ ጭነው ወደ ኡም ራኩባ ሄዱ። ጨዋታው ከጥምቀት በኋላ፣ የጠየቀው ሰው ሳይኖር፣ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ላይ ተመልሶ ተገኘ።